አባት ግዴታ፣ እናት አማራጭ

ደግ ነው በሉልኝና ልጀምር። ትናንት ሌሊት በሕልሜ ልጄን ኤልዳናን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ እጇን ይዤ ስሄድ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሥሩ ሰማይ የነካ፣ ቅጠሉ መሬት የሚጠርግ ዛፍ ተዘቅዝቆ ቆሞ አየሁ። ማንም አልገረመውም። ሰዉ ከቅጠሉ ሥር ጎንበስ እያለ ይገባል፣ ይወጣል። እኔም አልገረመኝም፤ ይልቅ ንድድ ነው ያለኝ። ዛፉን አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ስወጣበትና ስወርድበት የከረምኩት እሱው ነው።

ንዴቴ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ። ስሜ ትርሲት ዘርይሁን ነው፣ ሥራዬ ኮድ መጻፍ። መሥሪያ ቤታችን ለትምህርት ቤቶች የምዝገባ ሲስተም እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ ስኪማ የሚባል ነገር ከላይ ተላከልን። ስኪማ ማለት የትኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚገባ፣ የትኛው ግዴታ፣ የትኛው አማራጭ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ቢያንስና ቢበዛ ስንት ጊዜ መገኘት እንዳለበት የሚናገር ንድፍ ነው፤ ቢያንስ ዜሮ የተባለ አማራጭ ነው። ሳጥን ውስጥ ሳጥን፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሳጥን። እኛ ዛፍ እንለዋለን፤ ሥሩን ከላይ፣ ቅጠሉን ከታች አድርገን ነው የምንስለው፣ ማን እንዳስጀመረን እንጃ። የኔ ድርሻ ዛፉን ከሥር እስከ ቅጠል እየዞረ፣ እያንዳንዱን ሳጥን እያንኳኳ «ምን ይዘሃል? ግዴታ ነህ?» የሚል ኮድ መጻፍ ነበር።

ጻፍኩት። ስጽፈው ግን አንድ ነገር ዓይኔን ወጋው። ተማሪ ከሚለው ሳጥን ሥር አባት ግዴታ ነው፤ እናት አማራጭ ናት። አለቃዬ አቶ ንዋይ ጋ ገብቼ «ይሄ ነገር እኮ ልክ አይደለም» አልኩት። «ከላይ የመጣ ነው፣ አንቺ ዝም ብለሽ አስኪጂው» አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። የኤልዳና አባት እሷ ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች «መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው ነው። እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። ልጄን ያሳደግናት እኔና ወላጆቼ ነን፤ የምትጠራውም በአባቴ ስም ነው፣ ኤልዳና ዘርይሁን ተብላ። አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ሲጠራ እኛ አገር ማን ግድ ብሎት ያውቃል? እንግዲህ ሲስተሙ ሥራ የሚጀምረው በዚሁ ሳምንት ነው። ማመልከቻዋን ካስገባሁ ሰንብቻለሁ፤ ልጄ ትገባ ይሆን፣ ወይስ በገዛ ኮዴ ትመለስብኝ ይሆን እያልኩ ነው የተኛሁት።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ከቅጠሉ ሥር አጎንብሰን ምዝገባ ክፍል ገባን። የተሰለፉት ወረቀቶች ናቸው። ማመልከቻው፣ የክትባት ካርዱ፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ ሁሉም ወረፋ ይዟል፤ ሁሉም ብብቱ ውስጥ ሰው አጣጥፎ ይዟል። አንዱ ማመልከቻ ለጎረቤቱ «ይሄን ሰውዬ ላስፈርም ብዬ ከጠዋት ጀምሮ እግሬ እስኪነቃ ቆሜያለሁ» እያለ ያማርራል። መስኮቱ ጋ የተቀመጠች የልደት ሰርተፊኬት ሰውዬውን ተቀበለችና ግንባሩ ላይ ማኅተም ጠቅ አደረገችበት።

«ኮፒው የታለ?» አለችው።

«የምን ኮፒ?» አለ ሰውዬው።

«ያንተ ነዋ!»

ምስኪን፣ እያለቀሰ ሊባዛ ሄደ።

በመስኮት ወደ ሜዳው ሳይ ወላጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሰልፍ ላይ ይዘምራሉ። አቶ ንዋይም መሃላቸው ነበር፤ ቁምጣ ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከፊቱ ያለውን ወላጅ ጆሮ ይቆነጥጣል። ዳይሬክተሩ ደግሞ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ከረባት ያሰረ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። እኔን በእናቱ ዕድሜ ያለሁትን ሴትዮ አንቺ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ እርስዎ እለዋለሁ።

«ይቺ ማናት?»

«ልጄ ናት። ኤልዳና ዘርይሁን።»

«አንቺስ?»

«ትርሲት ዘርይሁን።»

ከረባቱን ላስ ላስ አድርጎ አሰበ። «የአንድ አባት ልጆች ናችሁ፣» አለኝ። «እህትሽ ናት።»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ እኮ ነኝ የወለድኳት፣ ጌታዬ!»

«መውለድ የሚባል ሳጥን የለንም» አለና የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቦ ኤልዳናን ከነቦርሳዋ ከተታት። «አባቷን ይዘሽ ስትመጪ ትወስጃታለሽ።»

መሳቢያው ሲዘጋ የኤልዳናን ድምፅ ሰማሁት። «እማዬ!» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መሳቢያውን በሁለት እጄ ይዤ ስስበው ተንሸራቶ ረዘመ፣ ኮሪደር ሆነ፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ለምን ጫማዬን እንዳወለቅኩ አትጠይቁኝ። ኮሪደሩ ውስጥ በር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ላይ አባት ተብሎ ተጽፏል፤ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ ጓጉንቸሩ አፍ አውጥቶ ያናግራል።

«ግዴታ ነሽ ወይስ አማራጭ?»

«ሰው ነኝ።»

«ዓይነትሽን ማን ጠየቀሽ? ቢያንስ ስንት ጊዜ ትገኛለሽ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ቢበዛስ?»

«ያው አንድ ጊዜ ነዋ! ምን ሆነሃል፣ ሰው ስንት ጊዜ ይገኛል?»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እኔስ ቢያንስ ዜሮ የተባልሽ ነው የሚመስለኝ፣» አለኝ። «ለማንኛውም ግቢ።»

ስገባ አባቴ ዘርይሁን ነው ያለው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሕልሜ ውስጥ ግን ተሳፋሪው ሁሉ እያንዳንዱ መሪ ይዞ ወደፈለገበት ይነዳል፤ እሱ ብቻ የኋላ ወንበር ላይ ተጣቦ «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!» ይላል። የሚሰማው የለም።

«አባባ፣ ኤልዳናን ቆለፉባት። አባቷ እኔ ነኝ በልልኝ፤ በኋላ እንደ ፍጥርጥራችን እንሆናለን።»

«እላለኋ፣ ምን ገዶኝ!» አለኝ። «ቀጭን ሽሮ እያበላሁ ያሳደግኳት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ጓጉንቸሩ ከበሩ ላይ ጮኸ። «አይሆንም! አባትም ሰው ነው። ሰው ደግሞ አባት ግዴታው ነው። የሱን አባት አምጪ!»

አባቴ ተቆጥቶ ተነሳ። የኔ አባት ሲቆጣ እኮ አትጠይቁኝ። «አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ለአንዲት ፍሬ ልጅ ትምህርት ቤት መግቢያ ሙት ቀስቅሱ ነው የምትሉን?» አለ። አዎ፣ ያ ነው ያሉት። ከአባቴ ክፍል በስተጀርባ ሌላ በር ነበር፤ እሱም ላይ አባት ተብሎ ተጽፏል። አያቴ አስፋቸው ጋ ገባሁ። የራሱን መቃብር ተሸክሞ፣ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ቆሟል። «እኔማ እሺ ነበር፣ አባቴን ጠይቂ እንጂ» አለኝ። ቅድመ አያቴም እንዲሁ አለኝ። የሱም አባት እንዲሁ። ሁሉም ደግ ናቸው፣ ሁሉም ከንፈር ይመጡልኛል፣ ሁሉም በስተጀርባቸው ያለውን በር ያሳዩኛል።

አባቴ በልጅነቴ እስከ ሰባት ቤት እንድቆጥር አስተምሮኛል። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ ሲቆጠር ያየሁት ትናንት ሌሊት ነው። ሰባተኛው ካለቀ በኋላ ደግሞ በሮቹ ላይ ስም የለም። አንዱን ስከፍት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰውዬ ተቀምጧል።

«ስምዎ ማን ነው?» አልኩት።

«እኔን እንጃ፤ የሚያስታውሰኝ ካለቀ ቆየ» አለኝ። «አባት ግን አለኝ። ቀጥዪ፣ ልጄ።»

ይሄኔ ነገሩ ገባኝ። ሙያዬ አይደል! ሰው ውስጥ አባት አለ፤ አባት ራሱ ሰው ነው፤ ሰው ስለሆነ ውስጡ አባት አለ። ማቆሚያ ያልተበጀለት ዙር ነው። ኧረ እኔስ ኮዴ አያት ጋ ሲደርስ እንዲቆም አድርጌ ነበር የጻፍኩት! ማን ማቆሚያውን እንዳነሳው እንጃ። የባሰው ደግሞ፣ እነዚያ አባቶች ሁሉ የየራሳቸው አባት መልስ እስኪሰጥ ከየበሩ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መልስ የሚሰጥ የለም፤ የሚጨመር ብቻ ነው ያለው። ኮሪደሩ በአባት ጢም አለ። አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ። «ቀስ በሉ እንጂ! ሰው እኮ ነን!» እየተባባሉ ሲገፋፉ ወለሉ ተደረመሰና ተያይዘን ወረድን።

የወደቅኩት አንድ ጭር ያለ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ አማራጭ ተብሎ ተጽፏል። ግቢው ውስጥ የቅጽል ስም ተቀምጧል፣ ሁለተኛ ስልክ ተቀምጧል፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ተቀምጧል። መሃላቸው፣ በረድፍ በረድፍ፣ እናቶች ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ፣ የሚጠራቸው ያለ ይመስል ጆሯቸውን አቁመው።

«አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አለኝ የፋክስ ቁጥር፤ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። «እኔ እንኳ አንዴ ተጠርቼ ነበር። በስህተት ነው ብለው መለሱኝ እንጂ።»

ቀና ስል እናቴን አየኋት። የፖስታ ሳጥኑን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«እማ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እዚህ ከገባሁ ቆየሁ እኮ፣» አለችኝ። «ዕድሜሽን ሙሉ ትርሲት ዘርይሁን ነኝ ስትዪ ኖርሽ። እኔን ዛሬ ነው ያየሽኝ?»

ምን ልበላት? እፍረቱና ንዴቱ ተደባለቀብኝ። በስንት መከራ «ልጄን ወሰዱብኝ፣ እማ» አልኳት። እናቴ ሌላ ነገር አላለችም፤ ቦርሳዋን ለፋክስ ቁጥሩ አስያዘችና ትከሻዋን ሰጠችኝ። ሌሎቹም እናቶች ተነሱ። አንዷ ባንዷ ትከሻ ላይ እየቆመች ወደ ላይ አነሱኝ። የዚያን የተዘቀዘቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ያዝኩ። ወደ ሥሩ መውጣት ጀመርኩ፤ ስኪማውን ከላይ ላከው የሚሉኝን ሰው፣ ያንን የበላይ፣ አንቄ ላናግረው።

ሥሩ ጋ ስደርስ አንድ የተቆለፈ የብረት በር ብቻ ነው ያለው። በላዩ፣ ስኪማው አናት ላይ ያለው ረጅም የድረ ገጽ አድራሻ ተጽፏል። አንኳኳሁ። ደበደብኩ። በእግሬ መታሁት። ድምፅ የለም። አቶ ንዋይ በቁምጣው እያለከለከ ከኋላዬ ደረሰ።

«ትርሲትዬ፣ ባክሽ ውረጂ፤ ሰው ያየናል፣» አለኝ። «እሱ አድራሻ ለመጠሪያ ነው እንጂ ለመሄጃ አይደለም። ማንም ኖሮበት አያውቅም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ከላይ የመጣ ነው፣ ከላይ የመጣ ነው ስትለኝ የከረምከው ከየት የመጣ ነው?»

«እኔም ከበላዬ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ» አለና ምሳ ዕቃውን ከፈተ። «ዳቦ ትበያለሽ?»

ልገፈትረው ነበር። እውነቴን ነው፣ በሕልሜ እንኳ ቢሆን እጄን አንስቼ ነበር። ግን ከታች ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ቀጭን ሰውዬ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ እያንኳኳ ይመጣል። አንኳክቶ ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አይቸኩልም፣ አይደክመውም። ሲቀርበኝ አወቅኩት። ኮዴ ነው። የክረምት ልፋቴ ካፖርት ለብሶ መጣ።

«ቁም!» አልኩት። «ልጄን መልስልኝ። ታች መሳቢያ ውስጥ ናት።»

«አውቃለሁ፣ እመቤቴ። አይቻታለሁ። እያለቀሱ ነው፣ ትንሿ እመቤት።»

«እና ስታለቅስ አይተህ ዝም ብለህ አለፍክ?»

«ማልቀስ የሚል ሳጥን አልተሰጠኝም፣ እመቤቴ። አባት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ የለም ተባልኩ፣ አለፍኩ።»

«አንተ! እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩህ! ከእጄ ነው የወጣኸው!»

ባርኔጣውን አወለቀ። እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ይሄ ጨዋነቱ ነው ይበልጥ ያንጨረጨረኝ። «እንዴት እረሳዎታለሁ?» አለኝ። «ግን እርስዎ አማራጭ ነዎት።»

ከዚህ በኋላ ዓይኔን ጋረደኝ። ቅርንጫፉን በሁለት እጄ ጨብጬ ነቀነቅኩት። ይነቀል! ይውደቅ! እንኳን ዛፍ፣ ሰማዩም ቢመጣ ግድ የለኝም! ዛፉ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ። አቶ ንዋይ ዳቦው ከእጁ ወድቆ ማልቀስ ጀመረ። ዘር ማንዘሬ ሁሉ ከየበሩ እየወጣ ይጮሃል። እናቶቹ ከታች «በርቺ! ንቀዪው!» ይሉኛል። እኔም እያለቀስኩ እነቀንቃለሁ።

ከታች ከታች አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ።

«እማዬ፣ አትነቅንቂው!»

ወደ ታች አየሁ። ለካ ቅጠሎቹ ልጆች ናቸው። ዩኒፎርም የለበሱ፣ ቦርሳ ያዘሉ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ በአንድ እጃቸው የተንጠለጠሉ ልጆች። ኤልዳናም መሃላቸው ናት። እኔ በነቀነቅኩ ቁጥር እነሱ ናቸው የሚወዛወዙት። እጄን ልለቅ ብል ቅርንጫፉ ተመንጥቆ ሊጥላቸው ነው። ስለዚህ ያንን የጠላሁትን ዛፍ እንዳይንቀሳቀስ አቅፌ ያዝኩት። ጉንጬን ቅርፊቱ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እንደዚያ እንደታቀፍኩት «እማዬ፣ ተነሽ! እማዬ!» የሚል ሰማሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ያቀፍኩት ትራስ ነው።

ነግቷል። ኤልዳና ግማሽ ዳቦ በአፏ ይዛ፣ የሚጮኸውን ስልኬን ትዘረጋልኛለች። ያየሁት ቁጥር የትምህርት ቤቱ ነው። ቀሚሴን በአንድ እጄ እየፈለግኩ፣ ድምፁን ከፍቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። የደወሉት የምዝገባ ክፍሏ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፤ ደግ ሴትዮ ናቸው፣ እንዲህ ሲደሰቱ ግን ሰምቼያቸው አላውቅም።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ትርሲትዬ! ኤልዳና ገባች!»

«እውነት?» አልኳቸው። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንባዬ ግጥም አለ። «አባት ካልሞላችሁ አላሳልፍም አላለም? ሲስተሙ?»

«አለ እንጂ! ለዚህም ለዚያም እምቢ አለን። ያንቺን አባት ብናስገባ አስመዝጋቢዋን አንቺን እህቷ አደረገሽ፤ ኧረ ነውር ነው ብለን አጠፋነው። ኋላ ላይ ግን መላ አገኘን። የዘበኛችንን የጋሽ ደምሰውን ስም አስገባንላት፤ ወዲያው አለፈ!»

«የማንን?»

«ጋሽ ደምሰውን! ኧረ አይክፋሽ፣ ብቻዋን አይደለችም። አባት የሌላቸውን በሙሉ ለሱ ሰጥተናቸዋል፤ የክፍሉን እኩሌታ የወለደው እሱ ነው። ሚስቱ እንዳትሰማ ብቻ። ማታ ስትወስጃት አባት ካልፈረመ አትወጣም ይላል ሲስተሙ፤ እሱም ቢሆን ችግር የለውም፣ ጋሽ ደምሰው ከበር አይጠፋም፣ ይፈርምልሻል።»

ቀሚሴን እስከ ግማሽ ለብሼ ቆሜ ቀረሁ። ኤልዳና ማኘኳን አቁማ ስልኩን ታያለች።

«የእናት ስም ላይስ ማንን ጻፋችሁ?» አልኳቸው።

«ውይ፣ እሱን አልነካነውም» አሉኝ ወይዘሮ አሰገደች። «ሲስተሙም አልጠየቀን።»

ኤልዳና የያዘችውን ዳቦ ዋጠች።

«እማዬ፣ አንቺስ ምኔ ነሽ?» አለችኝ።